የዓርቡ ምልክት

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ማክሰኞ ደወለልኝ። ሥራዬን ያውቃል። ቤታቸው ውስጥ አትክልት ማብቀል ለሚፈልጉ ሰዎች፣ ያለ አፈር የሚያበቅሉና ራሳቸውን በራሳቸው የሚያጠጡ ዕቃዎችን እየሞከርኩ የትኛው ከየትኛው እንደሚሻል እጽፋለሁ። በመሥሪያ ቤታችን የኋላ ክፍል አሁን አሥራ አራቱ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ላይ ሰላጣ ተክያለሁ። ሰላጣ ሲከፋው ወዲያው ያስታውቃል፤ ለእኔ ዓይነት ሥራ የሚመች ቅጠል ነው።

"ለእማዬ አንድ ፈልጊላት" አለኝ።

"ስንት ችግኝ የሚይዝ?"

"እሱ ግድ የለም። ብቻ ስልክ ላይ መልእክት የሚልክ ይሁን። ውሃው ሲጎድልና እሷ ሳትሞላው ስትቀር እንዲነግረኝ ነው።"

"ለእሷ ነው ወይስ ለአንተ የሚነግረው?"

"ለእኔ። ለእሷ ምንም አትበያት፤ ሰላጣ ትወዳለች ብለሽ ስጫት።"

እሱ ቀጠለ፤ ባለፈው ወር ምድጃ ሳታጠፋ ወጥታ ጎረቤት እንዳጠፋላት፣ ብቻዋን መኖሯ እንደሚያሳስበው፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ቢላት እንደምትቆጣ ነገረኝ። "በዚህ እናያታለን" አለ።

እሺ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ሰዓት ሥራ አልሠራሁም። እንዲህ ያለውን ፈተና ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ፈተና መሆኑን የሚነግረኝ ስላልነበረ ውድድር መሰለኝ።

አያቴ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሴት አያቴ ከሞተች ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ድስት መሰቀል በነበረበት ሚስማር ላይ ትልቁ የቧንቧ መፍቻ ይሰቀላል፤ የብስኩት ቆርቆሮው ሲከፈት ብስኩት ሳይሆን የቧንቧ ጎማ ይወጣል። እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ድረስ እሱ ዘንድ እቆያለሁ። በረንዳው ላይ በየጣሳው ቲማቲምና ቆስጣ ያበቅላል። ቁመቱ ረጅም፣ ድምፁ ወፍራም፣ ጺሙ ደግሞ ከአፍንጫው ሥር እንደ ጫማ ብሩሽ የቆመ ነው። ያንን ጺም እወደው ነበር።

ነገሩን ያመጣው ጎርፉ ነው። አያቴ አንድ ቀን የወጥ ቤቱን ቧንቧ ክፍት ትቶ ወጣ፤ ውሃው ወለሉን ሞልቶ ከሥር የምትኖረዋ ልብስ ሰፊ ጣሪያ ላይ ደረሰ። ሁለት ጥቅል ጨርቅ ተበላሸባት። ቧንቧ ሠራተኛው ቧንቧ ሳይዘጋ ወጣ ሲባል ሕንፃው በሙሉ ሳቀ። አያቴም አብሮ ሳቀ። "አርባ ዓመት የሰው ስዘጋ የራሴን ረሳሁት" እያለ ለሁሉም ያወራል። እናቴና አክስቴ ግን አልሳቁም።

ካደግሁ በኋላ እንደሰማሁት፣ በዚያ ቀን ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። አያቴ ቧንቧውን ከፍቶ ጠብታ ሲያጣ እንደተከፈተ ትቶት ዳቦ ሊገዛ ወረደ፤ ውሃው የመጣው እሱ ሰልፍ ላይ ሳለ ነው። ይህን እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ማንም ሰላጣ አስተክሎ አልፈተነኝም።

አክስቴ፣ እቴቴ የምላት፣ ፋርማሲስት ናት። የምትኖረው በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ ሌላ ከተማ ነው፤ የእረፍት ቀኗ ሐሙስ ስለሆነ የምትመጣውም ሐሙስ ነው። ፊቷ ሁልጊዜ የሆነ ነገር እንደምትቆጥር ሰው ነው። ከጎርፉ በኋላ በመጣችበት ሐሙስ እሷና እናቴ የአያቴን ወጥ ቤት ዘግተው ሳህን ሲያጥቡ፣ እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

"ሐኪም ይየው ብትይው ዓመት ሙሉ ያኮርፋል" አለች እናቴ።

"ለዚህ ነው በጨዋታ መልክ ይሁን የምለው። ስድስት ሳምንት። አንድ ቀን ሳይዘነጋ ስድስት ሳምንት ከቆየ እኔ አፌን እዘጋለሁ።"

"ከዘነጋስ?"

ሳህን ከሳህን ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። "ያኔ እንነጋገራለን" አለች አክስቴ።

"ኩራቱን ግን አትንኪበት።"

"እኔ የምጠብቀው እሱን ነው እንጂ ኩራቱን አይደለም።"

ከዚህ ሁሉ የያዝኩት "ጨዋታ" የሚለውን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጨዋታው ደረሰ። አክስቴ በትልቅ ካርቶን ማሽን ይዛ መጣች፦ ነጭ ፕላስቲክ፣ ከላዩ ስድስት ቀዳዳ፣ በላዩ የሚበራ መብራት፣ ከውስጡ ደግሞ ውሃውን እየገፋ ሥሩን የሚያርስ ትንሽ ፓምፕ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ፣ እስከ መስመሩ ውሃ ይሞላል፤ አንድ ማንኪያ ማዳበሪያ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ ክዳኑን ማንም እንዳይከፍት ብላ አዘዘች፤ ብርሃን ከገባ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል አለች። የራሱ መብራት ስላለው ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠ።

እናቴ ደግሞ ከመጽሔት ላይ ያየችውን ሠራች፦ አንዱ ማሰሮ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ከታችኛው ውሃ ወደላይኛው ሥር የሚወጣበት ወፍራም የጥጥ ክር። በአሥር ቀን አንዴ ብቻ ውሃ ይፈልጋል። አያቴ አየውና "ይሄ ሻማ ነው እንጂ ቧንቧ ነው እንዴ?" አለ።

አያቴ ራሱ የሠራው ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር። ሃያ ሊትር ጀሪካን ከፍ ባለ ዱካ ላይ አስቀመጠ፣ በቀጭን ጎማ ከባልዲ ጋር አገናኘው፣ ባልዲው ውስጥ ከመጸዳጃ ቤት ገንዳ ያወጣውን ኳስ ገጠመ። ውሃው ሲጎድል ኳሱ ይወርዳል፣ ጎማው ይከፈታል፤ ሲሞላ ኳሱ ይነሳል፣ ውሃው ይቆማል። ጀሪካኑን በየሦስት ቀኑ መሙላት ብቻ ነው። "ኤሌክትሪክ የለው፣ ጩኸት የለው፣ ካርቶን የለው" እያለ በረንዳውን ዞረ። ከመጸዳጃ ቤት የመጣ ኳስ ያበቀለውን ሰላጣ አልበላም ብላ አክስቴ ፊቷን ስታጨማድድ፣ "ታዲያ ማን ጋበዘሽ?" አላት።

ሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የሰላጣ ችግኝ በአንድ ቀን ተተከለ። እኔ ጸሐፊ ተደረግሁ። አክስቴ ደብተሩን በማስመሪያ አስምራ ሰጠችኝ፦ ቀን፣ ቁመት፣ የቅጠል ብዛት፣ ውሃ። ለቁመቱ የተወችው ቦታ ከጣቴ አይሰፋም፤ ለውሃው የተወችው ግን የገጹን ግማሽ ነው። ማን ሞላው፣ መቼ ሞላው፣ በትክክለኛው ቀን ነው ወይ። ውድድሩ የቁመት ሆኖ ሳለ ለውሃው ይህን ያህል ቦታ ለምን እንደተወች አልገባኝም ነበር።

"የጻፍሽውን አባባ አይይብሽ" አለችኝ በጆሮዬ። "ፍርዱ እንዳይበላሽ።"

አያቴ ሰምቷታል መሰለኝ። "እንግዲህ ሰላጣው ካለፈ እኔም አለፍኩ ማለት ነዋ" አለ እየሳቀ። አክስቴ ወደ እናቴ አየች፤ እናቴ ወደ ወለሉ። እኔ ቀልዱ እንደገባኝ ለማሳየት ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፋ። "ጸሐፊዬ" ሆንኩ። ከትምህርት ቤት ስመጣ በሩን ከፍቶ "ጸሐፊዬ፣ ዛሬ ምን አለብን?" ይለኛል፤ እኔ ደብተሩን እከፍትና "ዛሬ ጀሪካን" ወይም "ዛሬ ምንም" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔን መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ቀኑን ከእኔ በፊት ያውቀዋል፤ ጀሪካኑ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ፣ ማንኪያው ታጥቦ ይጠብቀኛል። የሚጠይቀኝ ሥራዬን ስለሚያከብርልኝ ነው። ይህን ያወቅሁት የራሴ ልጆች ረዳት ነን ብለው ወጥ ቤት ውስጥ ሲያስቸግሩኝ ነው።

ውድድሩ በተጀመረ በአራተኛው ሳምንት አክስቴ የመድኃኒት ሚዛኗን ይዛ መጥታ ቅጠል መዘነች። ማሽኑ እየመራ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ሳንቲሜትር። የአያቴ ባልዲ አሥራ አምስት፤ የእናቴ ክር አሥራ አንድ። አክስቴ ግን ስለ ቁመቱ ምንም አላለችም። ደብተሩን ገልጣ የውሃውን ዓምድ በጣቷ እየወረደች አነበበች፣ ከዚያ ለእናቴ "አንድም የለም" አለቻት። እናቴ ትከሻዋ ወረደ፤ ፊቷ ላይ ደስታ አየሁ። ክሯ መጨረሻ ወጥቶ ምን እንደሚያስደስታት ገርሞኝ ነበር።

"ባልዲዬ ተሸነፈ ማለት ነው?" አለ አያቴ።

"ገና ሁለት ሳምንት አለ አባዬ" አለች አክስቴ፤ ድምፏ እንደወትሮው አልነበረም፣ ለስለስ ብሎ ነበር።

"ከተሸነፈ ጺሜን እላጨዋለሁ። ጸሐፊ፣ ጻፊ!"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ሁሉ እሱን ነው። ያለ ጺም አይቼው አላውቅም፤ የማላውቀው ሰው በሩን ሲከፍትልኝ ይታየኝ ጀመር። ማሽኑ አጠገብ ስቀመጥ በሆዱ ውስጥ የሚያንጎራጉረውን ፓምፕ እየሰማሁ እጠላዋለሁ። ማስመሪያውን ትንሽ ዘመም አድርጌ ለመለካት ሞከርኩ፤ ቢዘም እንኳ ማሽኑ ይበልጣል።

የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ። አያቴ ጀሪካኑን ሞላ፤ ቀኑ ደርሶ ስለነበር የእናቴንም ማሰሮ ሞላ። ለማሽኑ የሚሆነውን ጆግ ከመደርደሪያ አወረደ። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ፤ የታችኛዋ ልብስ ሰፊ ናት።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የመታጠቢያዬ ቧንቧ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጊዜ ካለዎት ቢያዩልኝ።"

አያቴ ፊቱ በራ። ጣሪያዋን ካበላሸባት በኋላ ቧንቧዋን ልታስነካው መጣች ማለት ይቅር ብላዋለች ማለት ነው። "ለእርስዎማ ጊዜ አይጠፋም!" ብሎ ጆጉን ገበታው ላይ አስቀመጠ፣ መፍቻውን ከሚስማሩ ላይ ነጥቆ ወረደ።

ብቻዬን ቀረሁ። ጆጉ ገበታው ላይ ባዶውን ተቀምጧል። ምን እንደማደርግ ያወቅሁት እሱን ሳይ ነው። አንስቼ ወደ መደርደሪያው መለስኩት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ እጁን በሱሪው እየጠረገ መጣ፤ እያፏጨ ነበር። ሳሎኑ መሐል ሲደርስ ማፏጨቱን አቆመ።

"ማሽኑን ሞላነው ወይ?"

እስክሪብቶው በእጄ ነበር። "አዎ፣ ሞላነው።"

"መቼ?"

"ከመውረድህ በፊት።"

ወደ ገበታው አየ። ወደ መደርደሪያው አየ፤ ጆጉ በቦታው ነው። ግንባሩን በእርጥብ እጁ አሸት አሸት አደረገ። "እኔ እኮ ጆጉን አውርጄ..." አለና ተወው። ፊቱ ላይ የነበረውን አሁንም አልረሳሁትም፤ አንድ ነገር ኪሱ ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ሆኖ እጁን ሲከት ያጣው ሰው ይመስላል።

"ሞልተነዋል አባባ" አልኩት እንደገና።

"ካልሽ ሞልተነዋል። ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ።"

በውሃው ዓምድ ውስጥ ምልክት አደረግሁ። የማሽኑ ውሃ ሲጎድል ከጎኑ ቀይ መብራት ስለሚበራ፣ አያቴ ሻይ ሲያፈላ ማሽኑን ገፋ አድርጌ መብራቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

ማክሰኞ ዕለት ቅጠሎቹ ማዘንበል ጀመሩ። አያቴ ጎንበስ ብሎ አያቸውና "ይሄ ነገር ምን ነካው?" አለ። እጁን ወደ ክዳኑ ዘረጋ።

"አባባ አትንካው! እቴቴ ማንም አይክፈት ብላለች።"

እጁን ወዲያው አነሳ። "እውነትሽን ነው። ባለቤቷ ሐሙስ ትመጣለች፣ ትየው።" ደብተሩን ከእጄ ወስዶ የዓርቡን ምልክት ተመለከተ፤ ቁልቁል እያየው ትንሽ ቆየ። ከዚያ መለሰልኝ።

ሐሙስ አክስቴ ስትገባ ሰላጣው ነጩ ክዳን ላይ እንደ ታጠበ ጨርቅ ተኝቷል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ክዳኑን ከፈተች። ታንኩ ደርቋል፤ ሥሮቹ ቡናማ ሆነዋል። ደብተሩን አነሳች።

"ዓርብ ተሞልቷል ይላል።"

"ሞልተነዋል" አለ አያቴ።

"አባዬ፣ የተሞላ ታንክ በስድስት ቀን እንዲህ አይደርቅም። ቀዩ መብራትም በርቷል፤ ለምን ወደ ግድግዳ ዞረ?"

አያቴ ጎንበስ ብሎ ቀዩን መብራት አየ። እናቴ ከሥራ እንደመጣች ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማለች። አክስቴ እኔ ፊት ቁጢጥ አለች። መድኃኒት መድኃኒት ትሸታለች።

"ንገሪኝ እስቲ። ሲሞላ በዓይንሽ አይተሻል?"

ልናገር ነበር። ግን እኔ ዋሸሁ ካልኩ ውድድሩ ይደገማል፣ ማሽኑም እንደገና ይበልጣል ብዬ አሰብኩ። ደግሞም ፈራሁ።

"አላየሁም" አልኩ። "ሞልቻለሁ ሲለኝ ነው የጻፍኩት።"

አያቴ ወደ እኔ ዞረ። አፉን ከፈተ፤ የሚናገር መስሎኝ ነበር። እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም፤ እሱ ግን ሰበረ።

"እንግዲህ እሷ ካለች ልክ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ረስቼ ይሆናል።"

አክስቴ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ቧንቧ ከፈተች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ለማሽኗ አልቅሳ ነው አልኩ በሆዴ፤ ትልቅ ሰው በሰላጣ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ አሳዘነችኝ። ግን ሥራዬን መሥራት ነበረብኝ። ማስመሪያዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁና ባልዲውን ለካሁ፤ ሃያ አንድ ሳንቲሜትር። ሮጬ ገብቼ የአያቴን እጅ ወደ ላይ አነሳሁት።

"አባባ አሸነፍክ! ጺምህ ተረፈ!"

ማንም አላጨበጨበም። አያቴ በነፃ እጁ ጺሙን ዳሰሰው። "ተረፈ" አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ አክስቴ ቤት ሄደ። ለጥቂት ጊዜ ነው ተባልኩ። ዕቃው በሁለት ሻንጣ አለቀ፤ አክስቴ ብቻውን ጋዝና ውሃ እንዲነካ ስላልፈለገች መፍቻው ከእሱ ጋር አልሄደም። ባልዲውንና ጀሪካኑን ለልብስ ሰፊዋ ሰጣት፤ ስትቀበለው ታለቅስ ነበር። እኔ አሁንም አልገባኝም፤ ያሸነፈውን ባልዲ ለሰው መስጠቱ ብቻ አናደደኝ።

መኪናው አጠገብ ጎንበስ አለና ጭንቅላቴ ላይ እጁን አሳረፈ።

"ጸሐፊዬ፣ አንቺን ነው የማመሰግነው። አንቺ ባትኖሪ ሞልቻለሁ ብዬ ድርቅ እል ነበር። እንደረሳሁ እንኳ ሳላውቅ እቀር ነበር።"

"ምንም አይደል" አልኩት፣ እንደ ጨዋ ልጅ።

ነገሩን ያወቅሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እናቴ ቁም ሣጥን ስታጸዳ ደብተሩ ወጣ፤ ለምን እንደተዘጋጀ ነገረችኝ። "በአርባ ሁለት ቀን ውስጥ ከአንዲት በቀር ስህተት አልነበረችም" አለችኝ። "ያቺ አንዷ ባትኖር እዚሁ ነበር የሚቆየው።" እኔ ግን ያደረግሁትን አልነገርኳትም። እናቴም እውነቱን ሳትሰማ ሞተች።

ለብዙ ዓመት ራሴን ያጽናናሁበት ሐሳብ ነበረኝ፦ አያቴ አውቆ ነው፣ እንዳልዋረድ ብሎ ነው ጥፋቱን የወሰደው እል ነበር። እንዲህ ከሆነ እሱ ደግ ነው፣ እኔም ይቅር ተብያለሁ። ግን መኪናው አጠገብ የነገረኝ ይህን እንዳስብ አይፈቅድልኝም። አመሰገነኝ እኮ። ከገዛ ጭንቅላቱ ይልቅ እኔን አመነ። ይህን ሳስብ አሁንም አፍራለሁ።

የአክስቴ ልጅ ከደወለልኝ በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ አዲሱ ማሽን ያለበትን ሣጥን ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው እኔን ሳይሆን ሣጥኑን ነው።

"ልጄ ነው የላከሽ?"

"ሰላጣ ትወዳለች ብለሽ ስጫት አለኝ።"

"ሰላጣ አልወድም" አለች። ተቀመጠች። "ይጮኻል?"

"አይጮኽም። ሳትሞዪው ስትቀሪ ለልጅሽ ስልክ መልእክት ይሄዳል።"

"ስሞላውስ?"

"ስትሞዪው ምንም አይልም።"

ራሷን ነቀነቀች፤ የገዛ እጇን ሥራ እንደምታይ ሰው። ከዚያ በኋላ ነገርኳት። ጆጉን ወደ መደርደሪያው እንደመለስኩት፣ ምልክቱን፣ መብራቱን ማዞሬን፣ አላየሁም ማለቴን፤ ሁሉንም በቅደም ተከተል። ሥራዬ ስለሆነ አንድም አልዘለልኩም። ስጨርስ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር።

"ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር" አለች። ይቅር ስትለኝ ይሁን ስታሰላ አላወቅሁም።

"አዎ።"

"ዓርብ ዓርብ ይጠይቀኝ ነበር" አለች። "እዚሁ፣ ይሄ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ። እስኪሞት ድረስ አራት ዓመት ሙሉ። 'ልጄ፣ ዛሬ መሙላት የነበረብን ነገር የለም? ሞልተነዋል?' ይለኛል። ምንም የለም አባዬ እለዋለሁ። እሺ ይላል፤ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ይጠይቀኛል። እኔ በሽታው መስሎኝ ነበር። ለዚያ መድኃኒት እሰጠው ነበር እኮ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ፤ አልነጠቀችኝም፣ አልጨበጠችኝምም።

በመጨረሻ መሐረቧን አውጥታ ፊቷን ጠረገች። "ክፈቺው" አለች።

ሣጥኑን ከፍቼ ማሽኑን መስኮቱ ሥር ገጠምኩት። እሷ ከቦርሳዬ ደብተር ጠየቀችኝ፤ የማሽኑን መመሪያ እንደ ማስመሪያ ይዛ ሁለት መስመር አሰመረች፣ በዚያ በሚያምር የፋርማሲስት እጅ ጽሑፏ ቀን፣ ውሃ ብላ ጻፈች። ልረዳት ብድግ ስል በእጇ መለሰችኝ። ጆጉን ራሷ ከቧንቧው ቀዳች። ጥቂት ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እስከ መስመሩ ሞላች፣ ጎንበስ ብላ አረጋገጠች።

"ደብተሩን የምይዘው ግን እኔ ነኝ" አለች።

"እሺ እቴቴ።"

እስክሪብቶውን አነሳችና፣ ምልክቱን ሳታደርግ ወደ እኔ ቀና አለች።

"ሞላሁት ወይ?"

"ሞላሽው" አልኳት። "በዓይኔ አይቻለሁ።"